የጋላክሲዋ ዘንግ ለምን አይጠመዘዝም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ክፍል ውስጥ ኤንጂሲ 1365 የምትባለውን ጋላክሲ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። መሃሏ ላይ ቀጥ ያለ ዱላ የመሰለ ነገር አለ። ከዱላው ሁለት ጫፎች ደግሞ ሁለት ክንዶች ወጥተው ይታጠፋሉ። አንዲት ተማሪዬ ‹ጋላክሲ የሚዞር ከሆነ፣ ውስጡም ከውጭው ቀድሞ ዙሩን የሚጨርስ ከሆነ፣ ይሄ ዱላ እስካሁን ለምን አልተጠመዘዘም?› አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አመለጥኩ። ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈኝ። እባክዎ ከጉድ ያውጡኝ።»

መምህር፣ አይፈሩ። ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ ትልልቅ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጠይቄ «ዝም ብለህ ቀመሩን ሥራ» ተብያለሁ። ቀመሩን ሠራሁት፤ ግን አልገባኝም ነበር። የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳዎ ላይ ያለችውን ላስተዋውቅዎ። ኤንጂሲ 1365 ያለችው ፎርናክስ በሚባለው የደቡብ ሰማይ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ፎርናክስ ማለት ምድጃ ነው። ስሙን ያወጣው ላካይ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1750ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ ሲቆጥር። ጋላክሲዋን ግን እሱ አላያትም። ያገኛት ጄምስ ደንሎፕ ነው፤ በ1826፣ አውስትራሊያ ውስጥ ፓራማታ ከምትባል ቦታ ሆኖ። ደንሎፕ የስኮትላንድ ሸማኔ ልጅ ነበር። የሸማኔ ልጅ መሆኑን ለትንሽ ጊዜ ያዙልኝ፤ ትንሽ ቆይተን ክር እንፈትላለን።

ርቀቷ 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ያን ያህል ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ለተማሪዎችዎ እንዲህ ቢሏቸው ይገባቸዋል። ፎቶው ላይ ያለው ብርሃን ከዚያ ሲነሳ የስሜን ተራሮች አልነበሩም። ተራሮቹ የተሠሩበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብርሃኑ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ሉሲማ የትናንት ልጅ ናት።

ስፋቷ ደግሞ ወደ 200,000 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። የእኛን ጋላክሲ እጥፍ ታክላለች። በሙያው ቋንቋ «ባለ ዘንግ ጠምዛዛ ጋላክሲ» ትባላለች። እርስዎ ዱላ ያሉትን እኛ ዘንግ እንለዋለን።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ጥያቄው ትክክል መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እናሳይ። ለቁጥሩ የራሳችንን ጋላክሲ እንውሰድ፣ በደንብ የምናውቀው እሱን ስለሆነ። ፀሐይ ከመሃሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ አንድ ዙር ለመጨረስ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። በግማሹ ርቀት ላይ ያለ ኮከብ ፍጥነቱ ከፀሐይ ብዙም አይለይም። መንገዱ ግን ግማሽ ነው። ስለዚህ ፀሐይ አንዴ ስትዞር እሱ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ፀሐይ ከተወለደች 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል። ማካፈሉን ተማሪዎቹ ይሥሩት፤ 20 ዙር ይመጣል። የውስጡ ኮከብ 20 ዙር ቀድሟታል ማለት ነው።

እንግዲህ ክንዱ ሁሌም ከእነዚያው ከዋክብት የተሠራ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እንዝርት ላይ እንደተጠቀለለ ፈትል 20 ጊዜ ይጠቀለል ነበር። ክንዶቹ ከመቅጠናቸውና ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አይለዩም ነበር። ፎቶዎ ላይ ግን ሁለት ጥርት ያሉ ክንዶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ዙር እንኳ በቅጡ የሚሞሉ አይመስሉም። ስሌቱ ልክ ነው፤ ፎቶውም ልክ ነው። የተሳሳተው «ሁሌም እነዚያው ከዋክብት ናቸው» ያልነው ነገር ነው።

እዚህ ጋ ጥምቀትን ያስቡ።

ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ወደ ደብሩ ሲመለስ ዙሪያውን የሚያጅበውን ሕዝብ ያውቁታል። ከሩቅ፣ ከፎቅ ላይ ሆነው ቢያዩት አንድ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ነገር በመንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቅርጹ አለ፤ ፍጥነት አለው። ግን ውስጡ ያለው ሰው አንድ አይደለም። ከኋላ የመጣ ፈጣን ወጣት ይደርስበትና ይገባል። ውስጥ ሲገባ ይጨናነቃል፣ ይዘገያል፣ ዘፈን ይቀበላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘላል። ከዚያ ከፊት በኩል ወጥቶ ይሄዳል። አጀቡ ግን እዚያው ነው፤ በታቦቱ ፍጥነት እየተጓዘ። ምንጣፍ አንጣፊዎቹን ደግሞ ያስተውሉ። የተረገጠውን ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት ይሮጣሉ። ምንጣፉ ሁሌ ከታቦቱ ፊት ነው፤ ግን በየጊዜው ሌላው ምንጣፍ ነው።

የጋላክሲ ክንድ እንደዚያ አጀብ ነው። ከዋክብት ከኋላ ይገባሉ፣ ትንሽ ይጨናነቃሉ፣ ከፊት ይወጣሉ። ክንዱ የራሱ ፍጥነት አለው። ይህን ሐሳብ በሒሳብ ያስቀመጡት ሊን እና ሹ የተባሉ ሊቃውንት ናቸው፣ በ1964። ከእነሱ በፊት መንገዱን የጀመረው ግን በርቲል ሊንድብላድ የተባለ ስዊድናዊ ነው። የሚገርመው ልጁ ፔር ኦሎፍ ሊንድብላድ የአባቱን ነገር ይዞ ብዙ ዓመት ያጠናት ጋላክሲ ማን ናት? እርስዎ ግድግዳ ላይ ያለችው። በ1999 ስለ እሷ ብቻ አንድ ረጅም የጥናት ግምገማ አሳትሟል።

ስለ ክንዶች አፈጣጠር ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሁሉም ጋላክሲ ላይ አንድ ዓይነት መልስ አይሠራም። በኤንጂሲ 1365 ላይ ግን ዋናው አንቀሳቃሽ ዘንጉ እንደሆነ ብዙ አያከራክርም። ወደ ዘንጉ እንሂድ፤ ልጅቷ የጠየቀችው እሱን ነው።

ዘንጉን ለማስረዳት ጥምቀት አይበቃም፤ ስታዲየም እንግባ። የሩጫ መሮጫው ሞላላ ነው። መቶ ሯጮች በየመስመራቸው እየዞሩ ነው እንበል። ከላይ ሆነው ሲያዩ የሚታየው ሯጮቹ የሠሩት ሞላላ ቅርጽ ነው። ማንም ሯጭ አልቆመም። ሞላላው ግን አልተጠመዘዘም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሯጭ የራሱን ሞላላ ዙር ጨርሶ ወደነበረበት ይመለሳል።

አሁን አንድ ነገር ይጨምሩበት። ሯጮቹ እየሮጡ ስታዲየሙ ራሱ በጣም ቀስ ብሎ ይዞራል። በቃ፣ ዘንግ ማለት ይህ ነው። ከዋክብቱ በጠበበና በረዘመ ሞላላ መንገድ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳሉ። የሞላላው ረጅም ጎን ደግሞ ለብቻው ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። በኤንጂሲ 1365 የዘንጉና የክንዶቹ ቅርጽ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 350 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ስታዲየሙን ማን ያዞረዋል? ሯጮቹ ራሳቸው። እዚህ ላይ ምሳሌው ያበቃል፤ ሯጭ ጎረቤቱን አይስብም፣ ኮከብ ግን ይስባል። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሞላላ መንገዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። አንዱ መንገድ ወደ ኋላ ቢቀር የሌሎቹ ስበት ወደ ፊት ይጎትተዋል። ቢቀድም ወደ ኋላ ይይዘዋል። እንዲህ እየተያያዙ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ይዞራሉ። ለዚህ ነው የማይጠመዘዘው። ለተማሪዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካለብዎ ይህችኛዋን ይስጧት።

ዘንጉ የት ላይ ያልቃል? ይህንንም ትጠይቅዎታለች፤ እንደዚያ ዓይነት ልጅ ናት። ከመሃል እየራቁ ሲሄዱ ከዋክብቱ ዙራቸውን ለመጨረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ይረዝማል። አንድ ቦታ ላይ የኮከቡ ዙርና የዘንጉ ዙር እኩል ይሆናሉ። ዘንጉ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት ከዘንጉ የሚዘገዩ ናቸው። ክንዶቹም የሚጀምሩት ከዚያው ነው።

ዘንግ እንግዳ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። ከጠምዛዛ ጋላክሲዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ዘንግ አላቸው፤ የእኛም ጭምር። በ1973 ኦስትራይከርና ፒብልስ የተባሉ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ጥቂት መቶ ነጥቦችን እንደ ከዋክብት አድርገው አሽከረከሩ። ነጥቦቹ ብዙም ሳይቆዩ ዘንግ ሠሩ። አስቸጋሪው ነገር ዘንግ መሥራት ሳይሆን አለመሥራት ሆኖ ተገኘ። ዘንጉን ለመከላከል የማይታይ ከባድ ነገር ጋላክሲውን መክበብ አለበት አሉ። ዛሬ ጥቁር ቁስ ስለምንለው ነገር ዓለም በቁም ነገር ማውራት ከጀመረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሥራ ነው። ግን ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ከዋክብት ነው። ጋዝ ሲጨመር ነገሩ ይጣፍጣል።

ከዋክብት እርስ በርስ አይጋጩም። መሃላቸው ያለው ክፍተት በጣም ሰፊ ነው፤ ይተላለፋሉ። የጋዝ ደመናዎች ግን ሰፋፊ ናቸው፤ መንገዳቸው ሲገናኝ ይላተማሉ። ዘንጉ ለጋዝ ማማሰያ ነው። ገንፎ ሲገነፋ ማማሰያው ፊቱ ያገኘውን ይገፋል፣ ይጨምቃል፣ ይሰበስባል። ጋዙም ዘንጉ ውስጥ ሲገባ ይላተማል፣ ይጨመቃል። ሲላተም ደግሞ የመሽከርከር ጉልበቱን ያጣል። ይህን ያጣ ጋዝ መዞሩን ትቶ ወደ መሃል ይወርዳል። ከዋክብቱ ሳይወርዱ ጋዙ ይወርዳል።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ፤ ከወንበርዎ ይነሱና ግድግዳው ጋ ይሂዱ። ዘንጉ ላይ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች አሉ። አንደኛው ከመሃል ወደ አንዱ ጫፍ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። በዘንጉ መሃል ለመሃል አያልፉም። እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ጠርዝ ጠጋ ብለዋል። እነዚያ መስመሮች ጋዙ የተላተመባቸውና አቧራው የተከመረባቸው ቦታዎች ናቸው። የሚገኙትም ዘንጉ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በፊት ለፊቱ ጠርዝ በኩል ነው። ክንዶቹ ደግሞ ወደ ኋላ የተጎተቱ ናቸው፤ ነጠላ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ነጠላው ወደ ኋላ እንደሚቀር። በእነዚህ ሁለት ፍንጮች ብቻ ጋላክሲዋ ወደ ቀኝ ትዞር ወይስ ወደ ግራ ተማሪዎቹ ማወቅ ይችላሉ። ፎቶው በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ካልታተመ በስተቀር። አንዳንድ ፖስተር አታሚዎች ደግሞ ይህን ሲያደርጉ ዓይናቸውን አያሹም።

ወደ መሃል የወረደው ጋዝ ሁለት ሥራ ይሠራል። አብዛኛው መሃሉ አካባቢ እንደ ቀለበት ተከማችቶ አዳዲስ ከዋክብት ይወልዳል። ትንሹ እስከ ታች ወርዶ መሃሏ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጋ ይደርሳል፤ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ ነገር ነው። የዚህች ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ የፀሐይን ክብደት 2 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመዝናል። ብዙ ይመስላል። ግን የእኛው 4 ሚሊዮን ያህል ነው። እጥፋችን የምታህል ጋላክሲ ግማሻችንን የሚያህል ጉድጓድ ነው የያዘችው። የእኛው ጦም አዳሪ ነው፤ የእሷ ግን ይበላል። ሊበላ ሲል ዙሪያውን እንደ ሣህን ተዘርግቶ የሚሽከረከረው ጋዝ ግሎ ያበራል።

በሚያዝያ 2006 ቻንድራ የተባለው የኤክስ ሬይ ቴሌስኮፕ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ተመለከታት። በመሃል ኤክስ ሬዩ ድርግም አለ፤ ተመልሶም መጣ። አንድ የጋዝ ደመና በጥቁር ጉድጓዱ ፊት አልፎ ነበር። ፀሐይን ጨረቃ እንደምትጋርዳት፣ 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ግርዶሽ ሆነ። ግርዶሹ ከፈጀው ጊዜ ተነስተው የሚያበራውን የጋዝ ሣህን ስፋት አሰሉት። ከፀሐይ እስከ መሬት ያለውን ርቀት 7 ጊዜ ብቻ ያህላል። ይህንን ያህል ትንሽ ነገር በቀጥታ ፎቶ አንስቶ የሚለይ ቴሌስኮፕ ያኔ አልነበረም። ደመናው ለካልን። በ2013 ደግሞ ጉድጓዱ ራሱ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ተለካ። ተፈጥሮ ከምትፈቅደው ከፍተኛ ልክ ቢያንስ 84 በመቶው ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ መጨረሻው፤ ባይጠይቁኝም የምነግርዎ ነገር። ይህችን ጋላክሲ ከኢትዮጵያ ማየት ይቻላል። ለንደን ያለ ሰው አድማስ ታካ ስለምታልፍ አያያትም ማለት ይቻላል። ዋሽንግተን ያለው ሩብ ሰማይ እንኳ አትወጣለትም። አዲስ አበባ ላይ ግን 45 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች። ከአድማስ እስከ አናት ካለው ግማሽ መንገድ መሆኑ ነው። ደመናው የሚጠራበት ወራትም የእሷ ወራት ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ምሽት 4 ሰዓት ገደማ፣ በከተራ ምሽት ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ደቡብ ላይ ትሆናለች።

ቦታዋን እንዲህ ያግኙት። ኦሪዮን በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለውን ደማቅ ሰማያዊ ኮከብ ሪጀልን ይያዙ። ከዚያ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ያለውን ደማቅ ኮከብ አኬርናርን ይያዙ። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የወንዝ መጨረሻ ማለት ነው፤ ጂዳና ዱባይ የኖሩ ሰዎች ወዲያው ይሰሙታል። በሁለቱ መካከል ልክ ግማሽ መንገድ ላይ ይቁሙ። ከዚያ ክንድዎን ዘርግተው ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ምዕራብ ይሂዱ። እዚያ ናት። በባዶ ዓይን ምንም የለም። የአፉ ስፋት 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ፣ ጨረቃ በሌለበት፣ ከከተማ ብርሃን ርቆ፣ መሃሉ ደመቅ ያለ የጭጋግ ጠብታ ያሳያል። በባለ 20 ጭጋጉ ረዘም ይላል፤ ያ ዘንጉ ነው። ክንዶቹን ለማየት ባለ 25 ወይም 30 ያስፈልጋል። ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ቀለም አይጠብቁ። የቴሌስኮፕ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ፎቶ ስንቱን ሰው ባወጣው ገንዘብ አስቆጭቶታል።

እኔ መጀመሪያ በደንብ ያየኋት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የማሳው ባለቤት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሌባ መስለናቸው ዱላ ይዘው መጡ። ነገሩን ስናስረዳቸው ዱላውን ክንዳቸው ሥር አድርገው ጎንበስ አሉና በመነጽሩ አዩ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ይቺ ጭጋግ ናት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ለዚች ነው ብርድ የምትጠጡት?»

«አዎ።»

እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ። «ነገም ማታ እዚሁ ትገኛለች?»

«ትገኛለች፤ አራት ደቂቃ ቀደም ትላለች እንጂ።»

«እንግዲያው ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ አምስት ሆነው መጡ።